አንድ ነገር፣ ሦስት ስም፦ በአውቶማቲክ ካምቢዮ የጥገና ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ለአስተያየት የተላከልን ረቂቅ ገና ወደ ማተሚያ ቤት ያልገባ የጥገና መመሪያ ነው። የቆዩ የቤት አውቶሞቢሎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲታወክ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚጠገን ለወጣት መካኒኮች ያስተምራል፤ በመጨረሻውም ሰፋ ያለ የቃላት መፍቻ ተያይዞበታል። አዘጋጆቹ የጠየቁን መፍቻውን ብቻ አይተን እንድናርምላቸው ነበር። ሥራው በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልቅ መስሎን ስለ ነበር ባንድ ቀን ጀምረን ጨረስነው፤ እርማታችንንም በቀይ ቀለም ጻፍን። ከዚያ በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባን። የዚህ ዓይነቱ ቃል ትክክለኛነት የሚፈተነው ቃሉን ሰምቶ እጁን በሚያንቀሳቅስ ሰው ዘንድ እንጂ በእኛ ዘንድ አይደለምና፣ ረቂቁን ከነእርማታችን ይዘን ወደ አንድ ጋራዥ ሄድን፤ በዚያም 4 ቀን ቆየን። ከዚህ በታች የምንለው አብዛኛው በዚያ የተማርነው ነው። ከቀዩ እርማታችንም ግማሽ ያህሉን ሰርዘን ተመልሰናል።

በጋራዡ ያገኘነው መኪና መርሰዲስ 300 ዲ ነበር። ፋብሪካው 123 በሚል ቁጥር የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን ያህል የተሠራው ዓይነት ነው። ባለ 5 ሲሊንደር፣ ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ሲሆኑ ስሞታቸውን እንዲህ ሲሉ ገለጹ፦ «ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ የተገጨሁ ይመስለኛል። ከዚህ በፊት ያየው ጋራዥ ካምቢዮው አልቋል፤ ወርዶ ይለወጥ ብሎኛል።» ካምቢዮ ማውረድ ለጡረተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተዋል።

የጋራዡ ኃላፊ፣ ተማሪዎቻቸው «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋ መካኒክ፣ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ከካምቢዮ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የሚመስል ጥያቄ አቀረቡ። «ቁልፉን ሲያጠፉት ሞተሩ ወዲያው ይጠፋልዎታል?»

«ኧረ አይጠፋም፤ ወርጄ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ በእጄ ነው የማጠፋው።»

«በሮቹስ ባንዱ ቁልፍ አብረው ይቆለፋሉ?»

«እሱማ ከተወ ቆየ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እንግዲያው ካምቢዮውን ለጊዜው አንነካውም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ረቂቁ በእጃችን ነበር። እኒህ ሰው በሁለት ጥያቄ የደረሱበትን ነገር አንድ ወጣት መካኒክ በመመሪያው ተመርቶ ሊደርስበት ይችል እንደ ሆነ ለማየት ገጾቹን አገላበጥን። ሊደርስበት አይችልም። የማይችልበትም ምክንያት የምህንድስና ጉድለት ሳይሆን የስያሜ ጉድለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ የናፍጣ ሞተር ላይ፣ በቤንዚን ሞተር እንዳለው ያለ፣ የአየር መግቢያውን የሚያጠብ ክዳን የለም፤ ስለዚህ ሞተሩ በራሱ በቂ የመሳብ ኃይል አያገኝም። በመሆኑም በሞተሩ ግንባር ላይ አየር የሚስብ ልዩ ፓምፕ ተገጥሞለታል። ይህ ፓምፕ የሚፈጥረው ስበት በቀጫጭን ቱቦዎች ተከፋፍሎ ብዙ ሥራ ይሠራል። ፍሬን ሲረገጥ እግርን ያግዛል፤ ቁልፉ ሲጠፋ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደውን ናፍጣ አስቆርጦ ሞተሩን ያቆማል፤ በሮችን ባንድነት ይቆልፋል፤ ካምቢዮውም ማርሽ በሚቀይርበት ጊዜ ለስለስ ብሎ እንዲይዝ ያደርጋል። የመጨረሻው ሥራ የሚከናወነው በካምቢዮው ጎን በተሰካች፣ በውስጧ ስስ ሽፋን ባላት ትንሽ የብረት ቆርቆሮ አማካይነት ነው። ነጂው ነዳጅ በስሱ ሲሰጥ ስበቱ ይበረታል፤ በካምቢዮው ውስጥ ማርሽ የሚያስይዘው የዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ ለውጡም ሳይታወቅ ያልፋል። ነጂው አጥብቆ ሲረግጥ ስበቱ ይደክማል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ካምቢዮውም ሸክሙን እንዲችል ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። አንድ ቱቦ ተሰንጥቆ ስበቱ ከጠፋ እንግዲህ ካምቢዮው ነጂው ሁልጊዜ አጥብቆ የረገጠ ይመስለዋል። በዝግታ ሲሄዱም ይመታል። የካምቢዮው አካል ግን ምንም አልሆነም።

ረቂቁ ይህን አንድ ነገር በሦስት ምዕራፍ በሦስት ስም ይጠራዋል። ስለ ሞተር አጠፋፍ በሚናገረው ምዕራፍ «የመምጠጫ ኃይል» ይለዋል። ስለ በሮች በሚናገረው «የአየር መቆለፊያ» ይሆናል። ስለ ካምቢዮ በሚናገረው ደግሞ «ወና» ተብሏል፤ በጎኑ የተሰካችው ቆርቆሮም «የወና አስተካካይ» ተብላለች። ሦስቱም በመፍቻው ውስጥ በየፊደል ተራቸው ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዝ «ተመልከት» የሚል ምልክት እንኳን የለም። ሦስት ተርጓሚዎች ተከፋፍለው እንደ ሠሩት ግልጽ ነው። ተማሪው በካምቢዮ ምዕራፍ «ወና» የሚለውን አንብቦ በበር ምዕራፍ «አየር» ከሚለው ጋር አንድ መሆኑን በምን ያውቃል? የጋሼ ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው እኒህ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን በማወቅ ላይ ነው። መመሪያው ያንኑ እውቀት በሦስት ቃል ሸፍኖ ቀብሮታል።

ከሦስቱ ስሞች እጅግ አደገኛው «የአየር መቆለፊያ» ነው። መካኒኮቻችን የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ያውቃሉ፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ነው፤ ሲሰነጠቅም ወደ ውጭ ይነፍሳል። በዚህ መኪና ቱቦ ውስጥ ያለው ግን የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ሲሰነጠቅ ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ አይነፍስም። ስሙን አምኖ ሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚፈልግ ተማሪ አረፋ ሲነፋ ሳያይ ይቀርና ቱቦው ደኅና ነው ብሎ ይተወዋል።

ስለ «ወና» ግን ወቀሳውን ከአዘጋጆቹ ጋር መካፈል ይገባናል። ከዓመታት በፊት በአንድ የፊዚክስ ቃላት ስብሰባ «ቫኩም» ቀርቶ «ወና» ይባል ብለው ከተከራከሩት መካከል እኛም ነበርን። ወና ሰው የለቀቀው ቤት ነው፤ ውስጡ ምንም የለም፤ ለፊዚክሱ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ቃል አይገኝም ብለን ነበር። አሁንም ቢሆን ስለ ከዋክብት መካከል ባዶነት ለሚናገር መጽሐፍ ቃሉ መልካም ነው ብለን እናምናለን። በጋራዥ ግን የሚፈለገው የሌለው ነገር ስም ሳይሆን የሚሠራው ኃይል ስም ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ረቂቁን አንብቦ የጠየቀን ጥያቄ ነገሩን ከኛ ክርክር ሁሉ አሳጥሮ ያስረዳል። «የወና ቱቦ ሲባል ባዶ መሆን አለበት ማለት ነው ወይስ ባዶ ከሆነ ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለን። መልስ ለመስጠት ጥቂት ጊዜ ወሰደብን። እርሱና ጓደኞቹ የሚጠሩት «ቫኩም» ብለው ነው፤ ግሡም አብሮት አለ፦ «ቫኩሙ ይስባል»፣ «ቫኩሙ አይስብም»። ስለዚህ በሦስቱም ምዕራፍ «ቫኩም» ይግባ፣ ቆርቆሮዋም «የቫኩም መቆጣጠሪያ» ትባል ብለን ጽፈናል። የራስን ቃል በራስ እጅ መሰረዝ ደስ አይልም።

አሁን ወደ ዘይቱ እንሂድ። ረቂቁ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የሚገባውን ፈሳሽ «የካምቢዮ ዘይት» ይለዋል። ሐረጉ በሰዋስው በኩል እንከን የለውም፤ ነገር ግን ባለቤት ያለው ሐረግ ነው። በየጋራዡ «የካምቢዮ ዘይት» ማለት በእጅ ለሚቀየር ካምቢዮ የሚሞላው፣ በ90 ቁጥር የሚታወቀው ወፍራም ዘይት ነው። የዚያ ዘይት ተግባር ጥርሶችን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ቀጭን ዘይት ግን ከማለስለስ በላይ የሆኑ ሦስት ሥራዎች አሉት። ከሞተሩ የመጣውን ጉልበት በኮንቨርተሩ በኩል ያስተላልፋል፤ በቫልቮች መካከል እየተመላለሰ የትኛው ማርሽ እንደሚያዝ ይወስናል፤ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ሲያዙም በሸራዎቹ መካከል የሰበቃውን መጠን ይመጥናል። ወፍራሙ ዘይት እኒህን ሊሠራ አይችልም። መመሪያውን አምኖ ባለ 90ውን የሞላ ተማሪ ደኅናውን ካምቢዮ በገዛ እጁ ይገድለዋል።

የሰበቃው ነገር ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ አንድ ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ በዚህ ዘይት ውስጥ ከሚቀላቀሉት ቅመሞች አንዱ ስፐርም ከሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ስብ ነበር፤ ሸራዎቹ ሳይንቀጠቀጡ ለስለስ ብለው እንዲይዙ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ዘይት በሕግ ሲከለከል ፋብሪካዎቹ ምትክ ቅመም መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የጄኔራል ሞተርስ «ዴክስሮን» እና የፎርድ «ዓይነት ኤፍ» ተብለው የሚታወቁት ሁለቱ ዘይቶች በዘመናቸው ለመለያ ቀይ ቀለም ተደርጎባቸው ለዓይን አንድ ይመስሉ ነበር፤ በሰበቃ ጠባያቸው ግን ስለሚለያዩ አንዱ ለሌላው ካምቢዮ አይሆንም ነበር። እንግዲህ ቀዩን ከቀዩ መለየት የሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ቀጭኑን ከወፍራሙ የማይለይ ስም መስጠት ምን ይባላል?

እኛ በቀይ ቀለማችን «ዘይት» የሚለውን ሰርዘን «ፈሳሽ» ጽፈን ነበር። ጋሼ ይህን አልተቀበሉም። «የፍሬን ዘይት እንላለን፤ የመሪ ዘይት እንላለን፤ ማንም ሰው የፍሬኑን ሞተር ውስጥ ሲጨምር አላየሁም» አሉን። ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የ«ዘይት» ሳይሆን ከፊቱ የቆመው የ«ካምቢዮ» ነው። «የአውቶማቲክ ዘይት» የሚለውን መርጠናል፤ በመመሪያው ውስጥ ምንጊዜም ሳያጥር በሙሉው እንዲጻፍም አሳስበናል።

ስሙ ቢታረም እንኳ «ዘይት» የሚለው ቃል ይዞት የሚመጣውን ልማድ መመሪያው በግልጽ መስበር አለበት። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው። የዚህ መኪና የአውቶማቲክ ዘይት ግን የሚለካው በደልዳላ ቦታ፣ ካምቢዮው በሚገባ ሞቆ፣ ዘንጉ ፒ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኮንቨርተሩ ያለው ዘይት ወደ ታች ይወርድና የጎደለው ሙሉ ይመስላል። ረቂቁ የሚለው «የካምቢዮውን ዘይት ለካ» ብቻ ነው።

«ትራንስሚሽን» በሚለው ቃል ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልገንም። ረቂቁ ካምቢዮን አንዳንድ ጊዜ «ካምቢዮ»፣ አንዳንድ ጊዜ እንግሊዝኛውን ተከትሎ «ትራንስሚሽን» ይለዋል። ከጣልያንኛ የመጣው «ትራስሚሲዮን» ግን በጋራዥም ሆነ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ስም ከሆነ ስንት ዘመን አልፎታል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ትራስሚሲዮን፣ ዲፈረንሻል፣ ሽሚያስ የሚለውን ተራ እያንዳንዱ ሾፌር በቃሉ ያውቀዋል። «ትራንስሚሽኑን ፈትተህ አውርድ» የሚለውን የመመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለአንድ ተማሪ አንብበንለት፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ ቁልፉን የክሮቼራው ቡሎን ላይ ሲያሳርፍ አየነው። ያልታዘዘውን አልሠራም። «ካምቢዮ» እያለ ሌላ ቃል ለምን እንደ ተፈለገ ሊገባን አልቻለም።

«ፍሪሲዮን» ግን ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይሻል። «አውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም» የሚለው አባባል ለነጂው እውነት ነው፤ በእግር የሚረገጥ የለምና። ለመካኒኩ ግን ሐሰት ነው። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚያዙና የሚለቀቁ ባለብዙ ሸራ ፍሪሲዮኖች አሉ፤ ዙሪያውን አንቀው የሚያቆሙ ባንዶችም አሉ። ማርሽ የሚለወጠው ጥርስ ከጥርስ እየገባና እየወጣ ሳይሆን፣ ምንጊዜም እርስ በርሳቸው እንደ ተያያዙ ከሚዞሩት ጥርሶች መካከል አንዱን ክፍል በመያዝና ሌላውን በመልቀቅ ነው። ረቂቁ በመግቢያው «ፍሪሲዮን የሌለው ካምቢዮ» ሲል ይፈርጀውና በምዕራፍ 9 «የተቃጠለ ፍሪሲዮን ምልክቶች» በማለት ይጀምራል። ያነበበው ተማሪ ወይ መግቢያውን ወይ ምዕራፍ 9ን መጠራጠር አለበት። «የውስጥ ፍሪሲዮን» የሚል አንድ ቅጽል ነገሩን ያቃልለዋል። ባንዱን «ቀበቶ» ብለው መተርጎማቸውንም ሰርዘናል፤ በመኪና ላይ ቀበቶ የተሳፋሪው ነው። በፋብሪካው ሥዕሎች ላይ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ኬ1 እና ኬ2፣ ፍሬኖቹ ደግሞ ቢ1፣ ቢ2 እየተባሉ የሚጠሩት በጀርመንኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ እኒህን አዘጋጆቹ እንዳሉ መተዋቸው መልካም ነው። በአንጻሩ በማርሽ ዘንጉ ላይ የተጻፉትን ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ በግእዝ ፊደላት ለመተካት መሞከራቸው ሊገባን አልቻለም። ጀርመኖቹ ራሳቸው የእንግሊዝኛውን ፊደላት ተቀብለው በሠሩት ዘንግ ላይ ተማሪው «ቆ»ን ከየት ያገኘዋል?

ስለ ኮንቨርተር ረቂቁ «ፈሳሽ ፍሪሲዮን» የሚል ስም ይሰጣል። በመጀመሪያ ስናየው ቃሉ ደስ አሰኝቶን ነበር። ደስታችን ትክክል አልነበረም፤ ይህ ስም ለሌላ ነገር የሚገባ ነውና። በዘይት አማካይነት ጉልበት ማስተላለፍን ሄርማን ፎቲንገር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 ለመርከብ ብሎ ባስመዘገበው ፈጠራ ሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። አንደኛው የተቀበለውን የመጠምዘዝ ጉልበት ያንኑ ያህል የሚያስተላልፍ ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ኦልድስሞቢል ባቀረበው «ሃይድራማቲክ» ካምቢዮና መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው የመጀመሪያው የራሱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የነበረው ይህ ነው። «ፈሳሽ ፍሪሲዮን» መባል የሚገባው እርሱ ነው። ሁለተኛው በመካከሉ ዘይቱን አቅጣጫ አስለውጦ የሚመልስ ሦስተኛ ክንፋም ጎማ ስላለው፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የተቀበለውን የመጠምዘዝ ጉልበት አብዝቶ ይሰጣል። ኮንቨርተር ይህ ነው። የተመለከትነው 300 ዲ ያለውም ይህ ነው።

ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት ሰው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስል። ያ ሦስተኛው ክንፋም ጎማ ባንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገው መያዣ ሲበላሽ ጉልበቱ መብዛቱ ይቀራል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ይደክማል። ይህን ለማረጋገጥ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ ዲ ላይ አድርጎ፣ ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ መስጠትና የሞተሩን ዙር ማንበብ ይቻላል። ዙሩ ፋብሪካው ካስቀመጠው በጣም ካነሰ ሞተሩ ደክሟል ወይም ያ መያዣ ለቋል፤ ከበለጠ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ አይዙም። «ፈሳሽ ፍሪሲዮን» የሚል ስም የተማረ ሰው ጉልበት ማብዛት የሚባል ነገር እንዳለ ስላልሰማ ሲጎድል አይጠረጥረውም፤ ሞተሩን ይፈታል። «ኮንቨርተር» ይግባ ብለናል። ከግእዝ የተቀዳ አማራጭም አዘጋጅተን ነበር፤ ረጅም ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢ አናቀርበውም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን የስሞቹ ጉዳይ አይደለም። መፍቻው ከዳር እስከ ዳር ስም ነው፤ ግሦቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ የረቂቁ ብቻ ጥፋት ሳይሆን የሙያችን አሮጌ ልማድ ነው፤ የሙያ ቃል ሲባል የዕቃ ስም ብቻ ይመስለናል። መኪና ሲታመም ግን የሚነገረው በግሥ ነው። ባለቤቱ ስለ ቆርቆሮዋም ሆነ ስለ ቫልቩ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁት መኪናው የሚያደርገውን ነው። ምርመራ ማለት የባለመኪናውን ግሥ ወደ መካኒኩ ስም መመለስ ነው፤ መሸጋገሪያው ግሡ ነው።

በ4ቱ ቀን ከጋራዡ አፍ የለቀምናቸው ግሦች የመመሪያውን አንድ ምዕራፍ ያህል ዋጋ አላቸው። «ይመታል» የሚሉት ማርሽ ሲለወጥ ሳያለሳልስ በኃይል ሲይዝ ነው፤ መካኒኩን ወደ ግፊት ብዛትና ወደ ቫኩም መፍሰስ ይመራዋል። «ያጓራል» የሚሉት አንዱን ማርሽ ለቆ ሌላውን ከመያዙ በፊት የሞተሩ ዙር ባዶውን ሲወጣ ነው፤ ይህ የ«ይመታል» ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ግፊት ማነስ፣ ወደ ሸራ ማለቅ፣ ወይም ወደ ቫኩም መብዛት ይመራል። «ይንሸራተታል» የሚባለው ማርሹ ከገባ በኋላ፣ ሸክም ሲበዛበት፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ሳይሄድ ሲቀር ነው። «ይዘገያል» ዘንጉ ከኤን ወደ ዲ ገብቶ ካምቢዮው ቆየት ብሎ ሲይዝ ነው፤ የዘይት መጉደል ወይም የደረቁ የጎማ ቀለበቶች ምልክት ነው። «ያመነታል» በዳገት ላይ በሁለት ማርሽ መካከል ሲወጣና ሲወርድ ነው። የመጨረሻው ቃል እንዴት ያለ ቃል ነው! መኪናውን በመስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ መንገደኛ አስመስሎታል።

ረቂቁ እኒህን እንዴት እንደ ተረጎማቸው ስንናገር አዘጋጆቹ እንዳይቀየሙን እንለምናለን። «ያጓራል» መባል የሚገባው በእንግሊዝኛው «ፍሌር» ይባላል፤ ይኸው ቃል በሌላ ቦታ የእሳት ቦግታን ስለሚያመለክት ረቂቁ «በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መካከል ነበልባል ከታየ» ብሎ ጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው ውኃ ይዞ ይሮጣል እንጂ ሸራ አይመረምርም። «ያመነታል» መባል የሚገባውን ደግሞ «ካምቢዮው በአደን ላይ ሲሆን» ብለውታል። «ይመታል» እና «ይንሸራተታል» የሚባሉትን ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች ሁለቱንም «ለውጡ ጤናማ ሳይሆን ሲቀር» በሚል አንድ ሐረግ አጠቃልለው፣ መፍትሔውን «ካምቢዮውን አውርደህ ፍሪሲዮኑን ለውጥ» ብለዋል። የጡረተኛው ጉዳይ ከዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሶ ነበር።

ግሦቹን ወደ መፍቻው ስናስገባ ሌላ ችግር አጋጠመን። በመዝገበ ቃላት ልማድ ግሥን «መምታት» ብለን በአርእስት እናስቀምጣለን። በአርእስቱ ግን መቺው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ረቂቁ በአንድ ቦታ «የተመታ ካምቢዮ» ይላል፤ ለማለት የፈለገው የሚመታ ካምቢዮ ነው። በአማርኛ የተመታ ካምቢዮ ድንጋይ የመታው ካምቢዮ ነው። «መታ» እና «ይመታል» ደግሞ አንድ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሌላ፣ ዘወትር የሚሆን ሌላ ነው። መካኒኩ «ሲሞቅ ነው የሚመታው ወይስ ገና ቀዝቃዛ ሳለ?» ብሎ የሚጠይቀውም በዚሁ ቅጽ ነው። ስለዚህ በዚህ መፍቻ ውስጥ ግሦች በሦስተኛ መደብ፣ በሚደጋገም ጊዜ ቅጽ፣ ባለቤታቸው ተጠቅሶ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቅርበናል፦ «ካምቢዮው ይመታል»። ከመዝገበ ቃላት ሥርዐት የወጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ባልደረቦቻችን ተቃውሞ ካላቸው በሚቀጥለው ቅጽ ቢጽፉልን እንወዳለን።

መኪናውን በተመለከተ፣ ጋሼ ካምቢዮው ጎን ባለችው ቆርቆሮ ቱቦ ላይ መለኪያ ያለው የእጅ ቫኩም ፓምፕ ሰክተው ሳቡ። መርፌው ወጥቶ በቦታው ቆመ፤ ስሱ ሽፋን ደኅና ነው ማለት ነው። ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ በቱቦው ሽቅብ እየተሳበ ከሥር ጠብታ ሳይታይ ይጎድል እንደ ነበር ለተማሪዎቹ አስረዱ። ከዚያም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ቱቦዎቹ የሚከፋፈሉበትን የጎማ መጋጠሚያ በጣታቸው ጎንበስ ሲያደርጉት ደርቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከጣት የማይረዝም ጎማ ነበር። ሲለወጥ ሞተሩ በቁልፍ ጠፋ፤ በሮቹ ባንድነት ተቆለፉ፤ መኪናው ወጥቶ ሲነዳም ለውጦቹ ለስላሳ ሆኑ። ዲ ላይ ሲገባ ግን ጥቂት መዘግየቱ አልቀረም። ባለቤቱ ስለዚህ ሲጠይቁ ጋሼ፣ «እሱ የዕድሜ ነው፤ ቀለበቶቹ ደርቀዋል። እስኪብስ ይንዱት» ብለው ሸኟቸው።

ረቂቁን ለአዘጋጆቹ መልሰናል። ሦስቱ የቫኩም ስሞች አንድ እንዲሆኑና ምዕራፎቹ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ፣ በካምቢዮ ምርመራ መጀመሪያም የጋሼ ሁለት ጥያቄዎች እንዲገቡ ጠይቀናል። «ያጓራል» ለሚለው አርእስት «ማጓራት» ይሁን ወይስ በግሥነቱ ይቀመጥ የሚለውን ገና አልወሰንንም፤ ካርዱ በጠረጴዛችን ላይ ነው፤ ምሳሌውም «ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ ያጓራል» የሚል ነው።